ዋጋው ወርዶ ዕቃው ያልወረደ መኪና

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ባለፉት ሁለት ወራት ከደሴና ከኮምቦልቻ ከደረሱኝ ደብዳቤዎች ውስጥ አራቱ፣ ጸሐፊዎቻቸው ሳይተዋወቁ፣ ስለ አንድ ጉዳይ የሚጠይቁ ሆነው አገኘኋቸው፤ ይኸውም በአዲስነታቸው የባለጸጋ ብቻ የነበሩ የቅንጦት ስፖርት መኪኖች አርጅተው ዋጋቸው ሲወርድ መግዛት ያዋጣል ወይ የሚል ነው። ደብዳቤዎቹን አሳጥሬ፣ መልሶቹን ግን ጉዳዩ የሚጠይቀውን ያህል አስፍቼ አቅርቤያለሁ። «ዓ.ም.» ያልተጨመረበት ዓመት ሁሉ የተጻፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ጥያቄ፦ ይድረስ ለመኪና ዓምድ አዘጋጅ። እንደምን ከረሙ? እኔ ኮምቦልቻ ውስጥ በጅምላ ንግድ የምተዳደር ሰው ነኝ። ለሥራዬ ጉዳይ በሳምንት አራት ቀን ያህል ደሴ ወጥቼ እመለሳለሁ። አዲስ አበባ ያለው የአክስቴ ልጅ የ2004 መርሴዲስ ኤስ ኤል 500 አግኝቶልኛል፤ ባለ ሁለት በር፣ ጣሪያው በቁልፍ ተጭነውት የሚከፈት ነው። የተጠየቀበት ዋጋ ደህና ከሆነ ኮሮላ ያነሰ በመሆኑ ልቤ ሄዷል። እሱም «አብሽር፣ የጀርመን ብረት ነው፣ አይጎዳህም» ይለኛል። ልግዛው ወይስ ይቅርብኝ?

መልስ፦ የአክስትዎ ልጅ ስለ ብረቱ የተናገረው ትክክል ስለሆነ ከዚያው ልጀምር። ያ መኪና የተሸከመው 5 ሊትር፣ ባለ 8 ሲሊንደር ሞተር መርሴዲስ ከሠራቸው ጠንካራ ሞተሮች አንዱ ነው። ለእያንዳንዱ ሲሊንደር ሁለት ካንዴላ ስላለው ካንዴላ ሲቀየር 16 መግዛት ግድ ይላል፤ የሞተር ዘይቱም 8 ሊትር ያህል ነው። ይሁን እንጂ ዘይቱና ውሃው በጊዜው ከተጠበቀለት ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክዳን) ሳይነሳ 300,000 ኪሎ ሜትር ሊያልፍ የሚችል ሞተር ነው።

የሚያስጨንቀኝ ከሞተሩ ውጪ ያለው ነው። የመኪናው እግሮች እንደ ኮሮላ በተራ አሞርዛተር የቆሙ አይደሉም። በሞተሩ ቺንጊያ የምትዞር አንዲት ፖምፓ ልዩ ዘይት ወደ 200 ባር በሚደርስ ግፊት ወደ አራቱም እግሮች ትልካለች፤ ጎማዎ ውስጥ ያለው ነፋስ 2 ባር ከጥቂት እንደሆነ ቢያስቡ የግፊቱን ክብደት ይረዱታል። ይህ ዘይት በየቱቦው፣ በየመጋጠሚያውና በየላስቲኩ ለ20 ዓመታት ሲገፋ ኖሯል። አንዱ ቱቦ ሲያፈስ መኪናው በአንድ ጎኑ ይተኛል፤ ዘይቱ አልቆ እያለ ከተነዳም ፖምፓዋ ተበልታ ብናኟን ወደ ሌሎቹ ክፍሎች ትረጫለች። ጣሪያውም የሚከፈተው በሌላ የሃይድሮሊክ ዘይት ነው፤ እሱም በተራው ፖምፓ፣ ቱቦና ላስቲክ አለው።

ፍሬኑ ደግሞ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ፔዳሉን ሲረግጡ ትእዛዙን የሚቀበለው ኮምፒውተር ነው፤ ግፊቱን አዘጋጅቶ ወደ ጎማዎቹ የሚልከው በኤሌክትሪክ የሚሠራ ፖምፓ ነው። ይህ ፖምፓ ስንት ጊዜ እንደሠራ ይቆጥራል፤ የተወሰነለት ቁጥር ሲሞላ ዳሽቦርዱ ላይ ማስጠንቀቂያ አብርቶ እንዲቀየር ይጠይቃል። መርሴዲስ በ2004 በዚሁ የፍሬን ሥርዓት ምክንያት 680,000 ያህል መኪኖችን ለጥገና ጠርቷል። ፖምፓው ሥራ ሲያቆም የሚቀረው የመጠባበቂያ ፍሬን የፊት ጎማዎችን ብቻ የሚይዝና በከባድ እግር የሚረገጥ ነው። በሳምንት አራት ቀን ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ለሚወርድ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። መኪና ሲያረጅ የሚወርደው የራሱ የመሸጫ ዋጋ ነው፤ የመለዋወጫው ዋጋ ግን መኪናው አዲስ ሳለ ከነበረበት ደረጃ አይወርድም። የሚገዙት በኮሮላ ዋጋ ቢሆንም የሚጠግኑት አዲስ በነበረ ጊዜ የባለጸጋ በነበረው መኪና ዋጋ ነው። የኮሮላ አሞርዛተር ሲያስፈልግዎ ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ከመለዋወጫ ሱቅ ደጅ ቆመው ይገዙታል፤ የዚህን መኪና አንድ እግር ግን ከውጭ ማስመጣት ወይም ከፈረሰ መኪና ላይ የወጣ መፈለግ ይኖርብዎታል። ከውጭ የሚመጣ ዕቃ በዶላር መሆኑንም አይርሱ። በ2016 ዓ.ም. ሐምሌ ወር የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ከመለቀቁ በፊት 1,000 ዶላር የሚያወጣ ዕቃ በባንክ ተመን 57,000 ብር ያህል ነበር፤ ከጥቂት ወራት በኋላ ያው ዕቃ ቀረጡና ማጓጓዣው ሳይታሰብ ከ120,000 ብር በላይ ሆነ። ለስፖርት መኪና 1,000 ዶላር ትልቅ ዕቃ የሚገዛ ገንዘብ አይደለም።

ስለ መንገዱም ልጨምር፤ ይህ መንገድ ስንት ፍሬን እንደበላ ስለማውቅ ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስትሆን ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር አካባቢ ናት። 25 ኪሎ ሜትር ያህል በሆነው በዚህ ጠመዝማዛ ቁልቁለት 1,850 ኪሎ ግራም የሚመዝን መኪና 650 ሜትር ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት የቤታችን የኤሌክትሪክ ምጣድ አንድ ሰዓት ያህል ሲጋገርበት ከሚፈጀው ጋር የሚቀራረብ ነው። ጎማውና አየሩ ድርሻቸውን ይወስዳሉ፤ በማርሽ የሚወርድ ሹፌርም ከፊሉን ለሞተሩ ያሸክማል። የቀረው በሙሉ ሙቀት ሆኖ ዲስኩና ሸራው ላይ ያርፋል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ወጣት ባለ ሁለት በር የአውሮፓ መኪናውን ከደሴ አውርዶ ኮምቦልቻ እኔ ዘንድ ሲያደርስ የፊት ቀኝ ጎማው ይጨስ ነበር። ፔዳሉን ስረግጠው ስፖንጅ የረገጥኩ ያህል ወደ ታች ሰመጠ። የፍሬን ዘይቱን ዕቃ ክዳን ስከፍት ዘይቱ የቡና አተላ መስሎ ጠቁሯል። መኪናው ውብ ነበር፤ ቀለሙ የተወለወለ፣ ወንበሩ አዲስ ቆዳ የለበሰ፣ ቸርኬው የሚያብረቀርቅ። የፍሬን ዘይቱ ግን ከተገዛ ጀምሮ አልተቀየረም። የፍሬን ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል፤ ዶት 4 የተባለው ዘይት ደረቅ ሳለ ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሳይፈላ የሚቆይ ሲሆን ውሃ ከጠጣ በኋላ ይህ መጠን እስከ 155 ሊወርድ ይችላል። ሲፈላ እንፋሎት ይፈጥራል፤ እንፋሎት ደግሞ ይጨመቃልና ፔዳሉ ባዶ ይሆናል። ልጁ ያን ቀን የተረፈው መንገዱ ላይ ከፊቱ መኪና ስላልነበረ ነው። በሁለት ዓመት አንድ ጊዜ የሚቀየረው ይህ ዘይት ለመኪናው ከሚገዙት ነገሮች ሁሉ ርካሹ ነው።

እንግዲህ ፍርዴን ልንገርዎ። ይህ መኪና ለሥራ የሚመላለሱበት ብቸኛ መኪናዎ የሚሆን ከሆነ አይግዙት። ሌላ የሥራ መኪና ካለዎትና ይህኛውን ወደውት ለበዓልና ለእሁድ የሚይዙት ከሆነ ግን ደስታዎን የምከለክልበት ምክንያት የለኝም፤ የመግዣውን ግማሽ የሚያህል ገንዘብ ለጥገና ብቻ ለይተው ካስቀመጡ በኋላ ይግዙ። ከመክፈልዎ በፊት መኪናው ሌሊቱን ሜዳ ላይ ቆሞ እንዲያድር ያድርጉና ጠዋት ሞተሩ ሳይነሳ አራቱንም እግሮች ይመልከቱ፤ አንዱ ዝቅ ብሎ ካደረ ዘይት ያፈሳል ማለት ነው። ጣሪያውን አምስት ጊዜ ደጋግመው ይክፈቱ፣ ይዝጉ። የፍሬኑን ፖምፓ ቆጣሪ በመርሴዲስ የምርመራ ኮምፒውተር ያስነብቡ፤ ይህን ማንበብ የሚችል ጋራዥ ካላገኙ፣ መኪናው ሲበላሽም የሚጠግንልዎ አያገኙምና እዚያው ላይ ይተዉት።

ጥያቄ፦ ከደሴ፣ ሆጤ የምጽፍልዎ እህት ነኝ። ታናሽ ወንድሜ ዱባይ በሥራ ላይ ይገኛል። ከልጅነቱ ጀምሮ ሲመኘው የነበረውን ፖርሽ 911 ባለ 2001 ሞዴል በርካሽ አግኝቻለሁና ከቁጠባሽ አበድሪኝ ይለኛል። በኋላም ወደ አገር አስገብቼ እሸጠዋለሁ፣ እናተርፍበታለን ብሎኛል። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ በመጨረሻው ልጀምርና፣ አስገብቶ መሸጥ የሚለው የሚሆን አይደለም። በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገራችን እንዳይገቡ መንግሥት በ2016 ዓ.ም. ከልክሏል። ክልከላው ባይኖር እንኳ በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪና ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ የጣለ ነው። ስለዚህ ትርፉን ከሒሳቡ አውጥተው፣ ወንድምዎ እዚያው ዱባይ ለራሱ የሚነዳው መኪና ነው ብለው ያስቡት።

እንደ መኪና ከሆነ 911 የሚወደድበት ምክንያት አለው፤ ከአሠራሩ ብርታት የተነሳ በየቀኑ ሊነዳ ከሚችሉ ጥቂት ስፖርት መኪኖች አንዱ ነው። የዚያ ዘመን ሞተር ግን አንድ የታወቀ ደካማ ጎን አለው። ሞተሩ ውስጥ የኮሎውን (ፒስተኖቹ የሚያዞሩትን ዋና ዘንግ) ዙር ወደ ቫልቮቹ ሰንሰለቶች የሚያስተላልፍ መካከለኛ ዘንግ አለ፤ ዘንጉ በአንድ ጫፉ የሚዞረው በአንዲት አነስተኛ ኩሽኔታ ላይ ነው። ኩሽኔታዋ የታሸገች ስለሆነች ውስጧ ያለው ግራሶ በጊዜ ብዛት ታጥቦ ሲያልቅ ትደርቃለች፣ ትፈጫለች፤ ስትሰበር ሰንሰለቶቹ መሥመራቸውን ይስታሉ፣ ቫልቭና ፒስተን ይጋጫሉ፣ ሞተሩም ያበቃለታል። ጉዳዩ አሜሪካ ፍርድ ቤት ደርሶ ከ2001 እስከ 2005 ያሉ ሞዴሎችን የሚመለከት ስምምነት ተደርጎበታል፤ በዚያ ክርክር የታወቀው የብልሽት መጠን 8 በመቶ አካባቢ ነበር። ከመቶው 92ቱ ደህና ናቸው ማለት ነው። ነገር ግን ስምንቱ ላይ የሚደርሰው ጉዳት ከመኪናው መግዣ ጋር የሚስተካከል ነው፤ የብድሩ ገንዘብ የእርስዎ ቁጠባ ከሆነ ደግሞ ስምንቱ በቀላሉ የሚታለፍ ቁጥር አይሆንም። በዚያው ዘመን የተሠሩት ጂቲ 3 እና ቱርቦ የተባሉት 911ዶች ሞተራቸው የተለየ በመሆኑ ይህ ችግር የለባቸውም፤ በ2009 ሞዴል የመጣው አዲስ ሞተርም ይህን ዘንግ አስወግዶታል።

ወንድምዎ አንድ ነገር ያድርግ። መኪናውን ከመግዛቱ በፊት በሻጩ ፈቃድ ዘይቱን ያስቀይርና የወጣውን የዘይት ፊልትሮ ይዞ ይቅር። የፊልትሮውን ወረቀት በምላጭ ቆርጦ፣ እንደ አኮርዲዮን የታጠፈውን ዘርግቶ በፀሐይ ብርሃን ይመልከተው። ጥቁር ዘይት ብቻ ከሆነ ጥሩ ነው። እንደ ዓሣ ቅርፊት የሚያብለጨልጭ የብረት ቅንጣት ወይም የጥቁር ፕላስቲክ ስባሪ ከታየ ሻጩን አመስግኖ ይሂድ፤ ብረቱ ከኩሽኔታዋ፣ ፕላስቲኩም ከሽፋኗ ወይም ከሰንሰለቱ መንገድ የመጣ ሊሆን ይችላል። ፊልትሮው ንጹህ ሆኖ መኪናውን ከገዛም ፍሪሲዮን በሚቀየርበት ቀን ኩሽኔታዋንም አብሮ ያስቀይር፤ ወደ እርሷ ለመድረስ ካምቢዮው መውረድ ስላለበት የጉልበቱ ዋጋ አንድ ጊዜ ብቻ ይከፈላል።

ብዙዎች ጥቂት ኪሎ ሜትር የሄደ መኪና ሲያገኙ ይደሰታሉ። እኔ ግን እንዲህ ባለ መኪና ላይ 40,000 ኪሎ ሜትር ብቻ ሄዶ ለዓመታት ጋራዥ ውስጥ ከቆመው ይልቅ 150,000 ሄዶ ደረሰኙ በየዓመቱ የተያዘለትን እመርጣለሁ፤ ቆሞ የኖረ መኪና ላስቲኩ ይደርቃል፣ ዘይቱም ክፍሎቹን ሳያርስ ይከርማል። የዱባይ ሙቀት ይህን ያባብሰዋል። የጎማው ጥርስ አዲስ መስሎ ቢታይም ጎኑ ላይ በሞላላ ክብ ውስጥ የታተሙትን አራት አኃዞች ያንብብ፤ 2317 ቢል በ2017 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው፣ ስለዚህ ያለፈበት ጎማ ነው። የ911 ራዲያተሮች ከፊት ፓራውልቱ ግራና ቀኝ ውስጥ የተቀመጡ ስለሆኑ አሸዋና ቅጠል ይሞላባቸዋል፤ በባትሪ እያበራ በቀዳዳው ይመልከት።

ብድሩን በተመለከተ፣ ገንዘቡ ለክፉ ቀን ያስቀመጡት ብቸኛ ቁጠባ ከሆነ አይስጡት። ወንድምዎ ቢቀየምም ቅሬታው ያልፋል፤ የተሰበረ ሞተር ግን በመካከላችሁ ለዓመታት የሚቆም ዕዳ ይሆናል።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ደሴ ውስጥ ጋራዥ ገብቼ መካኒክነት የምማር ወጣት ነኝ። ትልልቅ ቱርቦ ያላቸው የአውሮፓ መኪኖች ዘይት ይበላሉ፣ ሌክሰስ ግን አይበላም ይባላል። ደግሞም ስፖርት መኪና ደሴ ሲደርስ ጉልበቱን ይጥላል ሲሉ ሰማሁ። እውነት ነው?

መልስ፦ ልጄ፣ ሁለቱም እውነት ናቸው፤ ምክንያታቸውን ግን ለይተህ ያዝ። ቢ ኤም ደብሊው በ2008 ባወጣው ባለ 8 ሲሊንደር ሞተር ላይ ሁለቱን ቱርቦዎች (በሞተሩ ጭስ እየዞሩ አየር ወደ ሞተሩ የሚገፉትን) በሁለቱ የሲሊንደር ረድፎች መካከል፣ ከሞተሩ አናት ላይ አስቀመጣቸው። ጭሱ ወደ ቱርቦው የሚሄድበት መንገድ ስላጠረ መኪናው ለነዳጁ ፈጥኖ ይመልሳል፤ ሙቀቱ ግን ኮፈኑ ሥር ታፍኖ ይቀራል። በሙቀቱ የቫልቮቹን ዘይት የሚያግዱት ላስቲኮች ይደርቃሉ፣ ይሰነጠቃሉ። ለረጅም ደቂቃ በባዶ ሲሠራ ቆይቶ ነዳጅ ሲሰጠው ከማርሚታው ሰማያዊ ጭስ ከወጣ ይህን ጠርጥር። ፋብሪካው ራሱ በ2014 መጨረሻ ለእነዚህ ሞተሮች ልዩ የጥገና ፕሮግራም አውጥቶ የዘይት መቀየሪያውን ጊዜ አሳጥሯል። ሌክሰስ በ2017 ባወጣው ኤል ሲ 500 ስፖርት መኪና ላይ ግን 5 ሊትር ሞተሩን ያለ ቱርቦ ነው ያቀረበው፤ ከዚያ በፊትም ሆንዳ በ1990 ኤን ኤስ ኤክስን ሲያወጣ ያለ ቱርቦ ነበር። ጃፓኖቹ ተአምር አልሠሩም፤ ከሞተሩ የሚችለውን ሁሉ አልጨመቁም፣ ሙቀቱንም ቀነሱ።

ቱርቦ አለመኖሩ ብቻ ግን ዋስትና አይደለም። ከ2005 እስከ 2010 የተሠራው የቢ ኤም ደብሊው ኤም 5 ባለ 10 ሲሊንደር፣ ያለ ቱርቦ 507 የፈረስ ጉልበት የሚያወጣና በደቂቃ ከ8,000 ዙር በላይ የሚዞር ሞተር ነው፤ የቢየላ ብሮንዞቹ (ፒስተኑን ከኮሎው የሚያገናኘው ክንድ የሚዞርባቸው ስስ ብረቶች) ግን ቶሎ ስለሚበሉ ጠንቃቃ ባለቤቶች ሞተሩ ሳያንኳኳ አስቀድመው ያስቀይሯቸዋል። ዕቃው ሳይሰበር የሚቀየርበት መኪና መሆኑን ባለቤቱ ከመግዛቱ በፊት እንዲያውቅ ማድረግ የመካኒኩ ግዴታ ነው፤ ይህን ከአሁኑ ልመድ።

ስለ ከፍታው፣ ደሴ ላይ ያለው አየር በባሕር ጠለል ካለው በሩብ ያህል የሳሳ በመሆኑ ያለ ቱርቦ የሚሠራ ሞተር ከጉልበቱ ሩብ የሚያህለውን ያጣል። ቱርቦ ያለው የጎደለውን አየር በፍጥነት እየዞረ ይሞላል፤ በዚያው መጠን ግን ቱርቦው ይደክማል፣ ይሞቃል። ቤንዚኑ ላይም ልዩነት አለ። ከፍተኛ ኦክቴን (ቤንዚኑ ያለጊዜው መቀጣጠልን የሚቋቋምበት ደረጃ) የሚጠይቅ ሞተር ዝቅ ያለ ቤንዚን ሲገባበት ማንኳኳት ይጀምራል፣ ኮምፒውተሩም እሳቱን እያዘገየ ይከላከላል። ደሴ ላይ ቱርቦ የሌለው ሞተር የሚስበው አየር ስስ ስለሆነ የማንኳኳቱ ችግር ይቀልለታል፤ ቱርቦ ያለው ግን ይህን ጥቅም አያገኝም።

ጥያቄ፦ ደሴ የምኖር የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ፤ ጥያቄው የእኔ ሳይሆን የታላቅ ወንድሜ ነው። የቤንዚን መኪና ማስገባት ስለተከለከለ ያገለገለ ፖርሽ ታይካን፣ ማለትም የኤሌክትሪኩን ስፖርት መኪና፣ ሊያስመጣ አስቧል። የሚቀየር ዘይትና ካንዴላ የለውም፣ ወጪ የለበትም ይላል።

መልስ፦ ዘይቱና ካንዴላው በእርግጥ የሉም። ጎማ ግን አለ፤ መኪናው ከ2 ቶን በላይ ስለሚመዝንና ጉልበቱን በአንድ ጊዜ ስለሚለቅ ጎማ በፍጥነት ይጨርሳል። ፋብሪካው ለባትሪው የሚሰጠው ዋስትና 8 ዓመት ወይም 160,000 ኪሎ ሜትር ሲሆን፣ ከሌላ አገር ተገዝቶ የመጣ መኪና ላይ ዋስትናውን እዚህ የሚያስፈጽም ማን እንደሆነ ወንድምዎ ከመክፈላቸው በፊት በጽሑፍ ይጠይቁ። ይህ ካልተረጋገጠ ባትሪው ያለ ዋስትና እንደተገዛ ይቁጠሩት፤ ከመኪናው ዕቃዎች ሁሉ ውዱም እሱ ነው።

ቁልቁለቱ ለኤሌክትሪክ መኪና በጎ ነው። ሞተሩ ሲወርድ እየያዘ ጉልበቱን ወደ ባትሪው ስለሚመልስ ከደሴ ኮምቦልቻ ድረስ የፍሬን ሸራው እምብዛም አይሠራም። በዚሁም ምክንያት ፍሬኑ ይረሳል፤ ዲስኩ ይዝጋል፣ ቱቦውም ሳይታይ ያረጃል። ፖርሽ በ2024 እስከዚያ ጊዜ የተሠሩትን ታይካኖች በሙሉ ለጥገና የጠራው የፊት ፍሬን ቱቦዎቻቸው ሊሰነጠቁ ስለሚችሉ ነው። ስለዚህ ወንድምዎ የሻንሲ ቁጥሩን ተቀብለው ይህ ጥገና የተሠራለት መሆኑን ከፋብሪካው ወኪል ያረጋግጡ። መኪናው ሲደርስም መሪውን እስከ መጨረሻው ወደ ግራ፣ ቀጥሎም ወደ ቀኝ አዙረው፣ ከጎማው ጀርባ የተጠማዘዘውን ጥቁር ቱቦ በባትሪ ብርሃን ከጫፍ እስከ ጫፍ ይመልከቱት፤ ላብ የመሰለ እርጥበት ወይም የፀጉር ያህል ስንጥቅ ካዩበት ሳይቀየር ከግቢ አያውጡት።